ጭረት

ነፋስ በሚገርፋት በቲኖስ ደሴት ላይ፣
ስታማቲስ አለ፣ እንጀራው ከድንጋይ።
ስም ይቀርጻል በበር፣ በጸሎት ቤት፣ በመቃብር፤
ዋጋው በፊደል ነው፤ የባለ ረጅም ስም ሟች ወራሽ ያማርር።

ሴት ልጁ ዛፊሪያ፣ አሥራ አምስት ዓመቷ፣
እብነ በረድ ሲፈጭ፣ አቧራው ሲዘንብ በሻይዋ፣ በፊቷ፣
እንግሊዝኛ ታጠናለች፤ በታኅሣሥ ነው ፈተና፣
ቃል ትደረድራለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ደግማ እንደገና፦
«ፎቶግራፍ። ቴሌግራፍ። ጂኦግራፊ።
ፓራግራፍ። አውቶግራፍ። ባዮግራፊ።»

መሮው ቆመ።
«ያንቺ እንግሊዞች፣» አለ፣ አቧራውን እፍ ብሎ ከከንፈሩ፣
«ከኛ ጓዳ ነው እንዴ ቃል የሚበደሩ?»

«አባ፣» አለች፣ ሳቀች፤ «ቃሎቹ የተወለዱት እዚያ፣
ብርድ ባለበት ክፍል፣ መብራት ሥር፣ ከሊቃውንት ማደሪያ።
አጥንቱ ነው የኛ። ሥጋውን ሌላ አለበሰው፤
ያንተ የጥንት አያት ቴሌግራፍ መቼ ደረሰው?»

አሰበ። «ገባኝ። እንደ ኒኪፎሮስ ልጆች፣
ሜልቦርን ተወልደው፣ በነሐሴ እንደሚመጡት እንግዶች፦
አፍንጫቸው የኛ፣ ቅንድባቸው የኛ፣
ዳቦ ለመግዛት ግን የሚፈልጉ አስተርጓሚ ጓደኛ።»

ከዚያ ሚስማር መሳይ ብረቱን አነሣ፣
ፊደል ስቶበት በጣለው ሰሌዳ ላይ፣ ባለቤቱ በተረሳ፣
ግርርር አደረገው። ነጭ መስመር ወጣ።
«ይሄ ነው ግራፍ፣» አለ፣ «ቀለም ሳይመጣ፣
ብዕር ሳይቀረጽ፣ ብራናም ሳይፋቅ፣
ጽሕፈት ማለት ጭረት ነበር፣ ጥርስ የሚያፋጭ፣ የሚሰማ ከሩቅ።»

(ይህን ስጽፍ ሳቄ መጣ።
እኛም ደብዳቤን «ጫር አድርግ» እንላለን፤ ክብሪትም ይጫራል፤
ዶሮም ጭራ ጭራ ካራ ታወጣለች ይባላል።
ደጃፋቸው ሳንደርስ፣ ከቃላቸው ሳንነካ፣
መጻፍና መቧጨር በኛም ቤት ጎረቤት ኖረዋል ለካ።)

በኅዳር ደረቱን ያዘው፤ መዶሻው ከእጁ ወደቀ።
በመርከብ ሲሮስ ወሰዱት፤ ሐኪሙ ሸሚዙን ገልጦ ሽቦ አጣበቀ።
ማሽኑ ወረቀት ተፋ፣ ረጅም፣ ቀጭን፤
ስታማቲስ በመነጽር አየው፣ እንደሚገመግም ተለማማጅን፦
«ጠራቢው ማነው?» አለ። «እጁ ይንቀጠቀጣል።
የፊደሉን ክፍተት ሳይለካ ይሮጣል።»
ሐኪሙ አልሳቀም። «ካርዲዮግራም» አለ ብቻ።
ዛፊሪያ በመዳፏ ጻፈችው፣ ኮሪደር ላይ ቆማ ለብቻ።

«አንብቢልኝ» አላት በመመለሻው፣ መርከቡ ሲናወጥ።
«ፈተና ውስጥ የለም፣» አለች፣ ወረቀቱን ስትገለብጥ።
አጣጠፈው። ከሽርጡ ኪስ፣ ከእርሳሱና ከሜትሩ ጋር ከተተው።

ታኅሣሥ። ሚስ ሃዝልዲን፣ ከሊድስ የመጣች፣ ጉንፋን የማይለቃት፣
«ግራፍ ከሚለው ሥር የበቀሉትን ጻፊ» ብላ አዘዘቻት።
አሥራ ሁለት ጻፈች። በአሥራ ሦስተኛው ቁጥር ላይ፣
ብዕሯን ነክሳ ቆየች፤ ከዚያ
«ማርማሮግራፍ፦ ሰው፣ ወይም መሣሪያ፣ የሚጽፍ በድንጋይ።»

በቀይ ተመለሰ።
«እንዲህ ያለ ቃል የለም።» አንድ ነጥብ ተቀነሰ።

ስታማቲስ ወረቀቱን አየ። ቀዩን አየ። ዝም አለ።
ሌሊት ከመሥሪያ ቤቱ ቀጭን ግርርር፣ ከዚያ ሳል፣ ከዚያ ደግሞ ግርርር ተከተለ።

በጠዋት ከበሩ በላይ፣ በማያውቀው ፊደል፣ ከደብተሯ ቀድቶ፣
ቃሉ ተቀርጿል፤ አንዷ ፊደል ብቻ ግሪክ ሆናበታለች፣ ልማድ እጁን ጎትቶ።
ክፍተቱ ግን ልክ ነው፤ በየመሃሉ አንዲት ጣት ታልፋለች።
ዛፊሪያ አንገቷን አቅንታ ታነባለች። ደግማ ታነባለች።

እሱ ሻዩን ያማስላል፤ አቧራ ነው ቅንድቡ ሙሉ፤
«ለሚስ ሃዝልዲን ንገሪያት፣ ከዛሬ ጀምሮ አለ ቃሉ።
የለም ካለች፣ መሰላሉ ከበሩ ጀርባ ነው ያለው፤
ቀይ እስክሪብቶዋን ይዛ ትምጣና ትፋቀው።»